ቀስቅሱኝ ያለው ሰው

ደወሉ ሲጮኽ ከሱቁ መስታወት ፊት የተሰበሰበው ሕዝብ አጨበጨበ። አልጋው ላይ የተኛው ሰውዬ ግን አልተነሳም።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። አንዱ፣ ፍራሽ ማለት እንዲህ ነው አለ። ሌላው፣ ሰውዬው ዋጋ ላለመቀነስ ብሎ እንቅልፉን እያስረዘመ ነው ሲል ሳቁ በረታ፤ ስልኮች ከጭንቅላት በላይ ተሰቀሉ። ደወሉ አልቆም ሲል ሻጯ ጫማዋን አወለቀችና ነጩን ምንጣፍ እንዳታቆሽሽ በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ አልጋው ተጠጋች። ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ወዘወዘችው። ከዚያ እጇን ከእሳት ውስጥ እንደሚያወጣ ሰው ሰበሰበችና ባለችበት ቁጭ አለች። ያኔም ያጨበጨበ ነበር፤ ልጅቷ ትወና ያወቀች መስሎት።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሕዝቡ እጥፍ ሆኗል። የመጀመሪያ ትእዛዟ ስለ ሬሳው አልነበረም። ከሱቁ መደርደሪያ ላይ አንሶላ እያወረዱ መስታወቱን እንዲሸፍኑት አዘዘች። ውጭ የቆመው ሰው አጉረመረመ። አንዲት ወይዘሮ፣ እኛም እኮ ሌሊቱን ስናየው ነው ያደርነው፣ መጨረሻውን ማየት መብታችን ነው ብላ ከፖሊሱ ጋር ተከራከረች። ሰው ሬሳ ሲያይ ዓይኑን የሚጨፍንበት ዘመን አልፏል፤ አሁን የሚጨፍነው የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ነው።

ሟቹ የፍራሽና የአልጋ ነጋዴ ነበር፤ ስድሳን የተሻገረ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ሰፈሩ በእጅ ሥራው ያውቀዋል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን በስልክ የሚያውቀው በዝቶ ነበር፤ እዚያ ስሙ «የእንቅልፍ አባት» ነው። አዲስ ፍራሽ ለማስተዋወቅ ባለፈው ዕለት ማታ ሰማያዊ ፒጃማውን ለብሶ በሱቁ መስታወት ውስጥ ተኛ። ከራስጌው በላይ የተሰቀለች ካሜራ እንቅልፉን በቀጥታ በገጹ ላይ ታሳያለች። ከምስሉ ሥር «ቀስቅሱኝ» የሚል ቀይ ቁልፍ አለ። አንድ ሰው ቁልፉን በተጫነ ቁጥር አንድ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሱቁ ግንባር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳም ይበራል። አሥር ሺህ ሲሞላ ደወሉ ራሱ ይጮኻል፣ ሰውዬው ይነሳል፣ የዋጋ ቅናሹ ይጀመራል።

አሥር ሺህ ሞላ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ሬሳ ሲቀሰቅስ ነበር ያደረው።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ የነገራት አጭር ነው። ነጋዴው የሞተው ገና ሳይነጋ ነው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ እንደሳበ፣ ያ ሁሉ ዓይን እያየው። የገደለው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው፤ ያውም ፈረስ የሚጥል ያህል። መድኃኒቱ ከአልጋው አጠገብ በነበረው ኩባያ ውስጥ፣ ከወተቱና ከማሩ ትራፊ ጋር ተገኝቷል። ወተቱ የመጣበት ፔርሙስ ግን ንጹሕ ነው።

«ማሩን እኔ ነኝ ያደረግሁት» አለች ሻጯ። ልጅቷ በልቅሶ መካከል ስቅታ ይዟት ነበርና ኢንስፔክተሯ ውኃ እያጠጣች ጠየቀቻት። ጋሼ ወተት ያለ ማር አይወድም። ስለዚህ ማሩን ቀድማ ኩባያው ውስጥ አድርጋ፣ ኩባያውን መጋዘን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበር። ማታ የጋሼ ሚስት ወተቱን በፔርሙስ አመጡ፣ ሻጯ ቀዳች፣ ጋሼ ካሜራው ፊት ለተመልካች ጤና ብሎ ጠጣ፣ ተኛ።

«መጋዘን ማን ማን ገባ?»

«እኔ። ጋሼ። የጋሼን ገጽ የሚያንቀሳቅሰው ማስታወቂያ ሠሪም፤ ሽቦ ሲዘረጋ ነበር የዋለው። ወተት ሳይቀዳ ሄደ፤ የዘመድ ሠርግ ነበረበት።» እዚህ ላይ አፏን ያዘች። «ደግሞ ያኛው።»

«ያኛው ማነው?»

ልጅቷ በአንሶላው ክፍተት ወደ መንገዱ ማዶ አየች። ማዶ ሌላ የፍራሽ ሱቅ አለ፤ የዚህኛው ቀንደኛ ጠላት። ገጹ «የፍራሽ ንጉሥ» ይባላል። ሁለቱ ገጾች ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ አገር ተመልክቷል፤ አንዱ የሌላውን ፍራሽ የትኋን ሆቴል ሲለው፣ ሌላው የዚያኛውን የድንጋይ ካብ ሲለው፣ ተከታዩ ጎራ ለይቶ ሲያራግብ። እንግዲህ ያ ሰው ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ገብቶ ከጋሼ ጋር መጋዘን ውስጥ ቆይቶ ነበር። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ አይታዋለች። ስለምን እንደተነጋገሩ አታውቅም።

ሌላ የምታስታውሰው ነገር እንዳለ ተጠየቀች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ማስታወቂያ ሠሪው ጋሼን ለአንድ ፎቶ ብሎ እስኪደክመው ከአልጋ ሲያስነሳውና ሲያስተኛው ነበር። ጋሼም ለጠዋቱ ሁለት ማይክሮፎን ይዘጋጅ ብሎ አዝዞታል። ሁለተኛው ለማነው ሲለው፣ ከማዶ ለሚመጣ እንግዳ ነው ብሎ ስቋል። ሻጯ ቀልድ መስሏት ነበር።

*

አዛዡ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ ገፋላት። ነጋዴው ብርድ ልብሱን ሲስብ በሚታይበት ቅጽበት፣ ከምስሉ ሥር፣ ከፍራሽ ንጉሥ ገጽ ሁለት ቃል ተጽፏል። «ተኝተህ ቅር።»

አዛዡ ነገሩ ያለቀ ነው አለ። ጠላት ነው፣ ዝቷል፣ መጋዘኑ ገብቷል። በዚያ ላይ ሕዝቡ እየጠየቀ ነው። ሕዝቡ የሚባለው ማን እንደሆነ ብትጠይቀው ስልኩን ደግሞ ገፋላት። እውነትም እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሲራገም፣ ስቀሉት ሲል፣ በየመካከሉም የሚያለቅስ ፊትና የሚስቅ ፊት ሲደረድር። የማዶው ሱቅ መስታወት ገና እኩለ ቀን ሳይሆን በድንጋይ ረግፏል። ባለቤቱን ፖሊስ ያወጣው መጀመሪያ ሊያድነው ነበር፤ ጣቢያ ሲደርስ ተጠርጣሪ ሆነ።

«ነገ ከሥራ መውጫ በፊት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል» አለ አዛዡ። «ማስረጃ ካለሽ እስከዚያ አምጪ። ከሌለሽ አትድከሚ።»

የማዶው ነጋዴ በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ነበር። ጣቶቹ የመርፌ ጠባሳ ብቻ ናቸው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ሊነሳላት ሲል ይተዉት አለችው፤ እርሷም ቁጭ አለች።

«‹ተኝተህ ቅር› ብለው ጽፈዋል?»

«ገጹ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

የሚጽፍለት ሰው አለ። ፊቱን አይቶት አያውቅም፤ በስልክ ነው የሚገናኙት። ሽያጭህን አሳድግልሃለሁ አለው፣ አሳደገለት። እርሱ ስልክ ከማንሳትና ከመዝጋት ያለፈ አያውቅም፤ በገጹ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚሰማው ደንበኛ ሲነግረው ነው። አንዳንዴ ተው ብሎ ይደውላል፤ ልጁ፣ አባቴ፣ ሕዝቡ የሚወደው ይኼን ነው ይለዋል።

ከሟቹ ጋር አንድ ባለሙያ ዘንድ አብረው ፍራሽ መስፋት ተምረዋል። አንድ ሰሌን ላይ ተኝተዋል፣ አንዱ ለሌላው ሚዜ ሆኗል። ሱቃቸውን ፊት ለፊት የከፈቱት እየተያዩ ለመዋል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ጓደኛህ ፍራሽህ በአሮጌ ካልሲ የተሞላ ነው ብሎሃል ብለው ነገሩት። አላመነም፤ አሳዩት። ቀጥሎ እርሱም እንደተሳደበ ጓደኛው ሰማ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሁለት ዓመት ፊታቸውን እያዞሩ መንገድ ተሻገሩ።

«በቀደም ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስይዝ አጠገቤ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? እሱ። ሁለታችንም ጉንጫችን አብጦ። ‹ፍራሼን የትኋን ሆቴል ያልከው ለምንድነው?› አለኝ፤ እንደ ሕፃን እየተኮላተፈ። እኔ መቼ አልኩ? አንተ አይደለህ እንዴ ሚስቱ ጥላው መሬት ላይ ነው የሚተኛው ያልከኝ? አልኩት። አላልኩም አለ። እኔም አላልኩም። አስቢው እንግዲህ፣ እኅቴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም አላልንም።»

«ትናንትናስ መጋዘን ውስጥ ምን ሠራችሁ?»

«አለቀስን። ሁለት ሽማግሌ ጥጥ ላይ ቁጭ ብለን። ሐኪም ቤት እንደተነጋገርነው፣ ደወሉ ሲጮኽ እሱ ከአልጋው ይነሳል፣ እኔ ከማዶ እመጣለሁ፣ ተያይዘን ጠቡ ውሸት ነው ልንል ነበር። ከዚህ ወዲያ ገጽ የሚባል ነገር በአፍንጫችን ይውጣ ተባብለን ነበር።»

«ይህን ለአዛዡ ነግረውታል?»

«ነግሬው ሳቀ። ስትሰዳደቡ አገር አይቷችኋል አለኝ።»

*

የኢንስፔክተሯ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ወገቡን ለመሪው ገብሮ የኖረ። የዚያን ዕለት ማታ ስትገባ ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ አገኘችው።

«አለቃዬ፣ ያንን ሰውዬ እኔም እኮ ስቀሰቅሰው ነበር» አላት ሳይነሳ።

ለወገቡ የሚሆን ፍራሽ በቅናሽ ፈልጎ እንደነበር ነገራት። ጣቱ እስኪቀላ ተጭኗል። ፍራሹ ሲቀርበት ትራሱም ቀረበት።

«የምን ትራስ?»

«ከአልጋ ሲነሳ የሚያሳይ ፎቶ ገጹ ላይ ይወጣል፤ ከፎቶው ሥር መጀመሪያ ‹እንደምን አደርክ› ብሎ የጻፈ ሰው ትራስ ይሸለማል ተብሎ ነበር። መናኸሪያ ሆኜ ጣቴን ደግኜ ጠበቅሁ። ደወሉ ጮኸ፣ ቅናሹ ተከፈተ፣ ፎቶው ግን ውኃ በላው።»

«ሰው ሞቶ አንተ ስለ ትራስ ታወራለህ።»

«ያኔ መሞቱን ማን ዐወቀ?» አለና እጁን ዘረጋላት፤ ጎትታ አስነሳችው።

*

የማስታወቂያ ሠሪው ቢሮ መስታወትና ነጭ ቀለም ነው። ሰውዬው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፀጉሩ ትኩስ የተቆረጠ፣ ቃል የማያጥረው ነው። ሐዘኑን ገለጸ፤ በሚገባው ልክ፣ በሚገባው ድምፅ። ከዚያ ስለ ሥራው ስትጠይቀው ሐዘኑ እንደ ኮት ወለቀና ወንበር ላይ ተሰቀለ።

ስክሪኑን አዞረላት። ይኼ የዕድል መንኰራኵር ነው፤ ደንበኛው በጣቱ ያሽከረክረዋል፣ ቅናሽ ይወጣለታል። ይኼ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ነው፤ ሰው እንዲቸኩል። ይኼ ደግሞ «አሁን ይህን አልጋ ይህን ያህል ሰው እያየው ነው» የሚል ነው። ቁጥሩ ዓይኗ ሥር ከፍ ዝቅ አለ።

«እውነት ይህን ያህል ሰው እያየው ነው?»

«እሱ ማነቃቂያ ነው፣ ኢንስፔክተር። ባዶ ሱቅ ማን ይገባል? ሰው እንዳለ ሲያይ ሰው ይመጣል፤ ሲመጣ እውነት ይሆናል።»

ይህን ሲል አላፈረም። ኢንስፔክተሯ የኪስ ሌቦችን በብዛት መርምራለች፤ ከእነርሱ መካከል ስርቆትን ማነቃቂያ ብሎ የጠራ አልገጠማትም። ንዴቷን ዋጠችና የሚቀጥለውን ጠየቀች።

ማታ ወተት ሳይቀዳ ወጥቶ ሠርግ ገባ፤ ያየው ሰው የትየለሌ ነው። ጠዋት ደወሉ ሲጮኽ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ነበር። ለጠዋቱ የተለየ ነገር ታስቦ እንደነበር አያውቅም።

«ደወሉ ሲጮኽ እዚያ መገኘት አልነበረብህም?»

«የእኔ ሥራ ጥቅሙ እሱ ነው» አለ፤ ፊቱ በራ። «ቀድሜ አሰናዳዋለሁ፤ ከዚያ እጅ አይነካውም። ቁጥሩ ሲሞላ ደወሉ በራሱ ይጮኻል፣ ቅናሹ በራሱ ይከፈታል፣ ፎቶው በራሱ ይወጣል። ሦስቱም አንድ ላይ። እኔ ሻወር ቤት ልሁን፣ ጨረቃ ላይ ልሁን፣ ለውጥ የለውም።»

የማዶውን ገጽ የሚያንቀሳቅሱትን ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቀችው። አያውቃቸውም፤ ሙያቸውን ግን ያደንቃል።

ፀጉር ቤቱን አጣራች፤ እውነት ነው። ፀጉር ቆራጩ የጨመረላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ደወሉ ሲጮኽ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ቀጥታ ስርጭቱን እያየ ሆ ብሏል፤ ማስታወቂያ ሠሪው ብቻ ቀና አላለም። ሥራ ያደከመው መስሎት ነበር።

*

በሟቹ ሚስት ሳሎን ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው በለቀስተኛ ተሞልተዋል። ሴትየዋ ኢንስፔክተሯን እጇን ይዘው ወደ መኝታ ቤት አስገቧት። ስለ ፔርሙሱ ሳይጠየቁ ራሳቸው ተናገሩ፤ ወተቱን በእጃቸው አፍልተዋል፣ የተረፈውን ለመጠጣት ዝግጁ ናቸው። ስለ ማዶው ሰውዬ ግን መስማት አልፈለጉም።

«ሚዜው ነበር። ሠርጌ ላይ ቀሚሴ ሲቀደድ በመርፌው የሰፋልኝ እሱ ነው። ከዚያ እንዲያ ብሎ ሲጽፍበት በዓይኔ አነበብኩ፣ ልጄ። በዓይኔ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን አጠፈች። ስትነሳ ሴትየዋ እንደገና እጇን ያዙ።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፎቶ ቸግሮኛል። ለቀስተኛው ፊት የማቆመው ሁሉ የድሮ ነው። ከአልጋ ሲነሳ፣ እየሳቀ፣ አንድ ፎቶ አንስተውታል፤ እንዴት እንዳስነሱት እያሳየኝ ፍርፍር ብሎ ሲስቅ ነበር። ጠዋት ከደወሉ ጋር ታይዋለሽ ብሎኝ ነበር። ደወሉን ሰማሁ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ፎቶውን ከየት ነው የማገኘው?»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። ያኔ መሞቱን ማን ዐወቀ? የባሏ ድምፅ ነበር። ደወለችለት። አውቶቡሱን ወደ ዳር አቁሞ መለሰላት።

«ያ ፎቶ ታይቶ ጠፋ ወይስ ከነጭራሹ አልወጣም?»

«ከነጭራሹ። ስለ ትራሱ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ስለ ትራሱ ነው» አለችው።

ሦስት ነገር አንድ ላይ ሊሆን ነበር። ሁለቱ ሆኑ። ደወሉ ጮኸ፣ ቅናሹ ተከፈተ። ሦስተኛውን አንድ ሰው አስቀድሞ አስወግዶታል። ደወሉ ከመጮኹ በፊት ደግሞ ያ ነጋዴ ለዓለም ሁሉ የተኛ ሰው ነበር።

ከመዝገቡ ጉዞ በፊት የቀራት ጊዜ ጥቂት ነው። ጣቢያ ደውላ ለማዶው ነጋዴ ሚስት አንድ ነገር አስነገረች፤ ገጹን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው መልእክት እንዲልኩ። መልእክቱ አጭር ነው። በጎረቤታችን ሞት ማዘናችንን ጻፍልን፣ ይኸው ነው።

*

ማስታወቂያ ሠሪው ተመልሳ በማየቱ አልተደሰተም፤ ቢሆንም ወንበር ሳበላት። የምትጠይቀው ትንሽ ነገር ነው አለችው። የማዶውን ገጽ ስልኳ ላይ ከፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ስለ ካሜራው ጠየቀችው፣ ስለ ሰሌዳው ጠየቀችው፣ እርሱም እየመለሰ ሳለ ከወረቀት ሥር አንድ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ሌላ ነበር። አነበበ፤ ፊቱ ላይ የመሰልቸት ነገር አለፈ። ደንበኛ ነው፣ ይቅርታ አለና በሁለት አውራ ጣቱ ቶሎ ቶሎ ጽፎ መልሶ አስቀመጠው። የደንበኛ መልእክት ሳይመልስ ማሳደር አይችልም፤ ሙያው ነው።

ጭኗ ላይ ገጹ ተንቀሳቀሰ። ጥቁር ጥብጣብ፣ ነጭ አበባ። «በውድ ጎረቤታችን ድንገተኛ ሞት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል።»

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለችና ስልኳን አዞረችለት።

ማስታወቂያ ሠሪው ጽሑፉን እንደማያውቀው ሰው አነበበው። ሁለት ደንበኛ መያዝ ወንጀል አይደለም አለ።

«አይደለም። ሁለቱን ማሰዳደብም ወንጀል መሆኑን እንጃ። ፎቶውን ንገረኝ። ከአልጋ ሲነሳ የተነሳው የት ሄደ?»

«አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ሰው ሞቶ የሚስቅ ፎቶ ይለጠፋል እንዴ፣ ኢንስፔክተር? መሞቱን እንደሰማሁ አጠፋሁት።»

«መሞቱን መቼ ሰማህ?»

«ሻጯ ስትደውልልኝ። ከደወሉ በኋላ። ነግሬዎታለሁ እኮ፣ ፀጉር ቤት ነበርኩ።»

«ነግረኸኛል። ፎቶው ከደወሉ ጋር በራሱ ይወጣል፣ እጅ አይነካውም ብለህም ነግረኸኛል። ደወሉ ጮኸ። ፎቶው አልወጣም። ታይቶ የጠፋ አይደለም፤ ጣታቸውን ደግነው የጠበቁ ሰዎች አሉ። ያጠፋኸው ከደወሉ በፊት ነው።»

«ሲስተሙ አንዳንዴ ይሳሳታል።»

«ቅናሹን ሳይሳሳት ከፍቷል። ደወሉን ሳይሳሳት ደውሏል። እንግዲህ ንገረኝ፤ ደወሉ ሳይጮኽ፣ ሻጯ ሳትነካው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ተኝቷል ብሎ ሲቀሰቅሰው፣ አንተ መሞቱን ከየት ሰማህ?»

የመስታወቱ በር ተከፍቶ ሁለት ፖሊሶች ገቡ። ስክሪኑ ላይ ያ ቁጥር አሁንም ከፍ ዝቅ ይላል፤ አልጋውን ማንም አያየውም። ማስታወቂያ ሠሪው ዓይኑን ከእርሱ አልነቀለም።

የተናገረው ቀስ እያለ ነው፤ አብዛኛውም ክስ ነበር። ነጋዴው በፎቶው ቀን ሁለተኛ ማይክሮፎን ሲያዝዝ ለማን እንደሆነ ገባው። ሲወተውተው ሰውዬው ሁሉንም ነገረው፤ ጠዋት ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጠቡን የፈጠረው ማን እንደሆነ ሊናገር ነበር። ተወው ብሎ ለመነው፤ ሳቀበት። በሌላ ሰፈርም እንዲህ ያጣላቸው ነጋዴዎች ነበሩት፣ ጫማ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶች፤ ይህ ከተነገረ ሁሉም ያውቁበት ነበር። በማግስቱ ሽቦ ሲዘረጋ መድኃኒቱን ፈጭቶ ማሩ ውስጥ ለወሰው። «ተኝተህ ቅር» የሚለውን ከሠርጉ ቤት ሆኖ ነው የጻፈው፤ ፖሊስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ጠዋት ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ሆኖ ደወሉን ሲጠብቅ ፎቶው ትዝ አለው።

«ሁሉንም ብታቆመው ባልተያዝክ» አለችው። «ወይም ሁሉንም ብትተወው።»

«ደወሉን ባቆመው ለምን አቆምክ እባላለሁ። ፎቶው ግን…» ራሱን ነቀነቀ። «ሬሳ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ገጹ ‹እንደምን አደራችሁ› እያለ ሲስቅ ይታይዎታል? ሰው ሁሉ ቀድቶ ያስቀምጠው ነበር። ዕድሜ ልኬን መሣለቂያ እሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»

ሰው ገድሎ ያልተሸማቀቀ ፊት፣ አንድ ፎቶ ሲያስብ ሲሸማቀቅ ኢንስፔክተሯ አየች። እጁን እንዲያስሩት በአገጯ ምልክት ሰጠች።

*

ኮምፒውተሩን የመረመረው ባለሙያ ፎቶውን ከተጣለበት አወጣው፤ የተጣለው ገና ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ነው። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደ፣ በሌላ ሰው ስም። አዛዡ ስለ መጀመሪያው ስም ምንም አላለም። ሕዝቡም አላለም፤ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው የሚያለቅስ ፊትና የሚስቅ ፊት አዲሱን ሰው መስቀል ጀመረ። የማዶውን ሱቅ መስታወት የሰበረ አንድም ሰው አልተገኘም።

የሟቹ ሚስት ግን ደወሉ። ከመንገዱ የሚታየው ሰሌዳ አሁንም እየቆጠረ ነው፤ ሰው መጫኑን አልተወም። ልጆቹ በዚያ ማለፍ አቃታቸው። ሽቦውን ሲነቅሉት መብራት ሲጠፋ በሚሠራው ባትሪ ይቀጥላል፤ ገጹ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይጠፋም።

ማጥፋት የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ኢንስፔክተሯ ማረፊያ ክፍል ድረስ ሄዳ ስልኩን ፊቱ ያዘችለት። የይለፍ ቃሉን ነገራት፣ የት ቦታ እንደምትጫን በጣቱ አሳያት። ከዚያ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ አረፈ። አሥር ሺህ ከኋላ ቀርቷል፤ ብዙ እጥፍ ሆኖ ነበር። ፊቱ ላይ ብርሃን ወጣ።

«ይህን ያህል ገባ?» አለ።

በሩን ላዩ ላይ ዘጋችበት።

ሱቁ ውስጥ መስታወቱ አሁንም በአንሶላ ተሸፍኗል። ሚስትየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የማዶው ነጋዴ አልጋው አጠገብ በጉልበቱ ተንበርክኮ የፍራሹን ጠርዝ በጣቱ እየዳበሰ ነበር፤ ስፌቱን እንደሚያነብ ሰው። ማንም አልጠራውም፤ ከጣቢያ ሲወጣ በቀጥታ እዚህ ነው የመጣው። ሚስትየው በሩን ከፍተው ግባ ብለውታል።

ኢንስፔክተሯ ፎቶውን በፖስታ አድርጋ ሰጠቻቸው። ሰማያዊ ፒጃማ፣ ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ወፍራም ሰው። ሴትየዋ አዩት፤ ከዚያ አጎንብሰው ለማዶው ነጋዴ አሳዩት።

«ስድስቴ አስነሥተውት ነው» አሉ። «ስድስተኛው ላይ እውነቱን ነው የሳቀው።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አወጣች። ቀዩ ቁልፍ እዚያው ነው፤ ቁጥሩ እያየችው ዘለለ፤ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ተጫነ። ማስታወቂያ ሠሪው ያሳያትን ቦታ ፈልጋ ተጫነች። በአንሶላው ላይ ሲርገበገብ የነበረው የሰሌዳው ቀይ ብርሃን ጠፋ።

የማዶው ነጋዴ ብርድ ልብሱን አንስቶ አጠፈና ራስጌው ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ይተኛ» አለ።